ለብስኩት የሚሆን ባሕር

ውሻ የሚወድ ወንድ ሰውንም መውደድ ያውቅበታል? ወይዘሮ ቤሪል ይህን ጥያቄ በጋውን ሙሉ በሆዳቸው ይዘውት ከረሙ። ሻይ ሲያፈሉ ያስቡታል፤ የልጅ ልጃቸውን ሸሚዝ ሲተኩሱ ያስቡታል፤ መስኮቱ ጋ ቆመው መንገዱን ሲያዩ ያስቡታል።

አሁንም መስኮቱ ጋ ናቸው። በቀያዮቹ የጡብ ቤቶች መካከል የልጅ ልጃቸው ቴሳና ካለም ጎን ለጎን ሆነው ይመጣሉ። እጅ ለእጅ አልተያያዙም። መሃላቸው እግረ ረጅሙ ውሻ ብስኩት አለ፤ ማሰሪያውን ሁለቱም ይዘውታል። ለአንድ ሽማግሌ ውሻ ሁለት እጅ ለምን እንዳስፈለገው ቤሪል ገብቷቸዋል። ያስፈራቸውም የገባቸው ነገር ነው።

ብስኩት የሊድስ ከተማ ሰው ሲወራረድበት የኖረ የሩጫ ውሻ ነበር። እግሩ ሲደክም የሚፈልገው ጠፋና ቴሳ ወሰደችው። ሻይ ውስጥ ገብቶ የወጣ ብስኩት ስለሚመስል ስሙን እንዲሁ አለችው። ደረጃ ይፈራል። የሚያንሸራትት ወለል ይፈራል። ወንድ ሲያይማ ሶፋው ኋላ ገብቶ አይወጣም። አንድ ቀን ግን አዲሱ የሰፈሩ ፖስተኛ ጥቅል ይዞ በር አንኳኳ፤ ውሻው ቀስ ብሎ ወጣና መላ ሰውነቱን የሰውዬው እግር ላይ ጥሎ ተደገፈው።

«ምን ላድርግ?» አለ ፖስተኛው ባለበት ደርቆ።

«እንዳትነቃነቅ» አለች ቴሳ። «እንዲህ አድርጎ አያውቅም።»

«ገና ግማሹ ሰፈር ይቀረኛል እኮ።»

«ይጠብቃ!»

ሰፈሩ ጠበቀ። ካለም ማለት ይህ ፖስተኛ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የዚህ መንገድ ፖስታ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም።

ቤሪል ልጁን አልጠሉትም። ቸግሯቸው እንጂ። ቴሳን ከጨቅላነቷ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሉዊስ የሚባለው እጮኛዋ ሠርጉ ሲቃረብ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ከዚሁ ቤት አንድም ቃል ሳይናገር ሲወጣ፣ የልጅቷን ራስ ጭናቸው ላይ ይዘው የዋሉትም እሳቸው ናቸው። ሉዊስ «በሚቀጥለው ዓመት ባሕር እወስድሻለሁ» ይላት ነበር። አንዱን ቁስል በስንት መከራ ያስጠገገ ሰው ሁለተኛውን ሲያስብ ምን እንቅልፍ ይወስደዋል?

በዚያ ምሽት ካለም ካርታ ይዞ መጣ። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ለአንድ ሳምንት ወደ ባሕር ሊሄዱ ነው፤ እሱ፣ ቴሳና ብስኩት። ውሻው አርጅቷል፣ ባሕር አይቶም አያውቅም። ቴሳ ሳታሳየው ላትቀር ምላለች።

«ሮክስቢ» አለ ካለም ጣቱን ካርታው ላይ አሳርፎ። «መጠጥ ቤቱ ሁሉ ውሻ ያስገባል። በሩ ሥር የውሃ ሳህን ያኖሩለታል።»

«ገደል አለው» አሉ ቤሪል ከምድጃው አጠገብ።

«አጥር አለው እኮ፣ እማማ ቤሪል።»

«አጥር ነፋስ ያቆማል? ይህ ውሻ አጥንት ብቻ ነው። ብን ብሎ ይሄዳል።»

«እሺ፤ ማርዊክ ቢሆንስ?»

«ሆስፒታሉ ሩቅ ነው።»

«ለማን ነው ሆስፒታሉ?» አለች ቴሳ እየሳቀች። «ለኛ ነው ለውሻው?»

«ለወደቀው!»

«ማንም አይወድቅም፣ አያቴ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ!»

ካለም ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጣቱን ወደ ታች አንሸራተተ። «ሳንደርዊክ። ገደል የለም፤ ሜዳ የመሰለ አሸዋ ነው። ባቡር አለው። ሐኪም ቤትም አለው። ቤቱ ደግሞ ደረጃ የለውም፤ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ወለሉም ምንጣፍ ነው፤ አያንሸራትተውም።»

ቤሪል ማንኪያቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። ስለ ደረጃው እሳቸው እንኳ አላሰቡም ነበር። ቴሳም ቀና ብላ ካለምን አየችው። አስተያየቷ ረዘመ። እሱም አልሸሻትም። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ማንም ልብ አላለው።

«በኦክቶበር መጀመሪያ» አለ ካለም በመጨረሻ ካርታውን እያጠፈ።

ሲወጣ ቤሪል በሩ ላይ እጅጌውን ያዙት። ቴሳ ጓዳ ውስጥ ሳህን ታጥባለች።

«አንተ ልጅ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ኦክቶበር ይበርዳል። የቴሳ ደረት ደካማ ነው። በልጅነቷ ስንቱን ሌሊት ስትስል ነው ያደረችው። ፀሐይዋ ሳትሄድ፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ አድርግልኝ። እኔ እንዳልኩህ ግን አትንገራት፤ ተቆጥታ አትለቀኝም።»

ካለም ቆቡን በእጁ ላይ አዟዟረ። አሮጊቷን አየ፣ ከጓዳ የሚመጣውን የሳህን ድምፅ አዳመጠ።

«እሺ፣ እማማ ቤሪል» አለ።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ለሳምንት የሄዱት ሰዎች በሁለተኛው ቀን ተመለሱ።

ቤሪል የካለምን መኪና በመስኮት ሲያዩ ፈጥነው በሩን ከፈቱ። ካለም ሻንጣውን በሩ ላይ አኖረ፤ ጎንበስ ብሎ የብስኩትን ጆሮ ዳሰሰ፤ ሄደ። ቴሳ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም።»

«በዝናብ ነዳ? ጠጣ? መታሽ እንዴ?»

«ኧረ አያቴ!» ቴሳ ዓይኗን ጠረገች። «ቤቱ እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሴትዮዋ ለብስኩት ከራሷ ሳህን ቋሊማ ቆርጣ ሰጠችው። ጠዋት ወደ ባሕሩ ሄድን። መውረጃው ላይ ሰሌዳ ተተክሏል። ውሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ክልክል ነው።»

ቤሪል አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እንዴት ተረሳ? የባሕር ዳርቻ አሸዋ በጋውን ሙሉ የሕፃናት ነው፤ ኦክቶበር ሲገባ ለውሾች ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ማን አለ?

«ብስኩት አጥሩ ጋ ቆሞ አፍንጫውን ዘረጋ» አለች ቴሳ። «ውሃው እዚያው ነው። ይሸተዋል፤ ግን አይደርስበትም። ‹ቀኑን ለምን ቀየርከው?› አልኩት። ‹ቤቱ ያኔ ብቻ ነበር ባዶ የሚሆነው› አለኝ። ዓይኔን አላየኝም፣ አያቴ። ሉዊስ ሲዋሸኝ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። እንደዚያው ነገርኩት። ‹አንተም እሱው ነህ› አልኩት።»

«እሱስ?»

«ሻንጣዬን አነሳ።»

ቤሪል ሊናገሩ ቃጡ። ግን ልጅቷ ቤቷ ገብታለች፤ ደረቷ ደህና ነው፤ አልጋዋ እዚሁ፣ ከክፍላቸው አጠገብ ነው። ነገ እነግራታለሁ አሉ። በማግስቱም ነገ አሉ።

ካለም ወደዚያ መንገድ ተመልሶ አልመጣም። ፖስታውን ፕሩ የምትባል ድምፀ ጎርናና ሴት ማምጣት ጀመረች። ብስኩት ግን ጠዋት ጠዋት በሩ ጋ ካለው ምንጣፍ ላይ አገጩን ጥሎ ይጠብቃል። የበሩ የፖስታ ቀዳዳ ሲንኳኳ ጆሮውን ያቆማል፤ በበሩ መስታወት የሚታየው እግር የሌላ ሰው ይሆንበታል፤ አገጩን መልሶ ይጥላል። ቴሳም ጠጉሯን አበጥራ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ቤት ሥራዋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ «ደህና ነኝ» ትላለች። ቤሪል ደህና የሆነ ሰው ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። በዚህ በጋ ሲስቅ አይተውታል።

አንድ ጠዋት በሩን ከፈቱ።

«ይሄ ውሻ ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚያየኝ?» አለች ፕሩ።

«አንቺን አይደለም። ካለም የት ገባ?»

«ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰፈር ይስጡኝ ብሎ ሄደ። ኩርፊያውን ቢያዩት! በፊት እኮ በእረፍት ሰዓት አፉ አይዘጋም ነበር። ውሻው እንዲህ አደረገ፣ ውሻው እንዲያ አደረገ። እሱ የውሻ ወሬ መስሎታል፤ እኛስ ገብቶናል።» ፕሩ በዓይኗ ጠቀሰቻቸው።

ቤሪል የምንጣፉን ጠርዝ በጫማቸው ደፈጠጡ።

«እንግዲያው ንገሪልኝ። ብስኩት መብል ትቷል በይው። ቅዳሜ ይምጣ።»

«ውይ! እውነት ትቷል?»

ቤሪል ወደ ውሻው ሳህን ዞር አሉ። ግማሹ ተበልቷል።

«ሊተው ነው» አሉ።

ቅዳሜ ዝናብ ነበር። በሩ ገና ሳይንኳኳ ብስኩት ተነሣ። የሚያንሸራትተውን የጓዳ ወለል ረሳው፤ እግሩ እየከዳው፣ ጥፍሩ እየተንኳኳ ሮጠ። ቤሪል ሲከፍቱ ካለም ቆቡ ውሃ እያንጠባጠበ ቆሟል። ውሻው ሳያሸተው፣ ሳይዘልበት፣ መላ ሰውነቱን እግሩ ላይ ጥሎ ተደገፈው።

ቴሳ ከደረጃው መሃል ላይ ቆመች።

«ታሟል ብለውኝ ነው» አለ ካለም ወደ ላይ እያየ።

«ማን?»

ሁለቱም ወደ ቤሪል ዞሩ።

«ከስቷል» አሉ ቤሪል።

«ሲፈጠርም ከሲታ ነው!» አለች ቴሳ።

ጓዳ ገብተው ተቀመጡ። ዝናቡ ብቻ መስኮቱን ይመታል። ቴሳ ጠረጴዛውን ታያለች፤ ካለም የውሻውን ጆሮ ያሻል። ቤሪል ሻይ ቀዱ፤ የካለምን ስኳር ረሱ፤ መልሰው ሲጨምሩ አፈሰሱት።

«ቀኑን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ።

ቴሳ ቀና አለች። «ምን?»

«ብርዱን ፈርቼ። ሴፕቴምበር ይሁን አልኩት። እንዳይነግርሽም ለመንኩት። የክልከላው ነገር ውል አላለኝም።»

ቴሳ ቀስ ብላ ወደ ካለም ዞረች። «እንደዚያ ስናገርህ ለምን ዝም አልክ?»

«እሺ ብያቸዋለኋ» አለ ካለም። «ክልከላውን መርሳቴ ደግሞ የራሴ ጥፋት ነው። ሳስበው የነበረው ኦክቶበርን ነው፤ ቀኑ ሲቀየር እሱን አላሰብኩትም። ግን እሺ ያልኩትን ነገር ትቼ ቢሆን ኖሮ፣ ያኔ ነበር ሉዊስን የምሆነው።»

ቴሳ ኩባያዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«ያን ዕለት ባሕሩ ጋ፣ በነፋሱ፣ ኮትህን አውልቀህ ብስኩትን ስታለብሰው አየሁህ» አለች ድምፅዋ እየቀጠነ። «ከዚያ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። ይሄኛው ከሄደብኝ ምን እሆናለሁ ብዬ...» አልጨረሰችውም።

«ይሄኛው አልሄደም» አለ ካለም። «ከወንዙ ማዶ ነው ያለው። በአውቶቡስ ትንሽ ነው።»

ቴሳ እያለቀሰች ሳቀች። ቤሪል ጀርባቸውን አዙረው መሳቢያውን ከፈቱ። ካለም ያን ምሽት ትቶት የሄደው ካርታ እዚያ፣ ከጠረጴዛ ጨርቆቹ ሥር ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላቸው።

«ሄልመር» አሉ ጣታቸውን አንዲት ትንሽ ነጥብ ላይ ተክለው። «የመጠጥ ቤቱን ሰውዬ በስልክ አናግሬዋለሁ። አሁን ዳርቻው ላይ ከሰው ውሻ ይበዛል አለኝ። የሚያከራየው ክፍል አለው፤ ምድር ቤት ነው። የተጠበሰ ዓሣና ድንቹን ሰው ከሩቅ መጥቶ ይሰለፍለታል ብሎኛል፤ እሱ እንኳ ሲኮራ ይሆናል።»

ካለም ካርታውን ተጠግቶ አየ። «እማማ ቤሪል፣ ሄልመር እኮ ገደል አለው።»

«አጥር አለው» አሉ ቤሪል።

ቴሳ አያቷን አይታ አፏን ያዘች። «ነፋሱስ?»

«ሹራብ ይለብሳላ!»

«መቼ ይሁን እሺ?» አለች ቴሳ፤ ጥያቄው ግን ለአያቷ አልነበረም። የካለም ጣት ሄልመርን ከበበ፤ የሷም ጣት ከወዲህ መጣ፤ ሰማያዊው ባሕር ላይ ተገናኙና እዚያው ቀሩ። ሁለቱም ወደ ካርታው አያዩም ነበር።

ቤሪል አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸው ላይ የመጣው ነገር ብዙ ነው፦ የሱፍ ካልሲው፣ የደረት ቅባቱ፣ በዝናብ መንዳት፣ የባሕሩ ውሃ ሲሞላ የሚዋጠው መንገድ፣ ውሻው ገደሉ አጠገብ እንዳይፈታ። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ያስፈራል። ውሻው ከካለም እግር ላይ ቀና ብሎ አያቸው። ተነሥቶ መጣና ጉልበታቸው ላይ ተደገፈ። ሙቀቱ በቀሚሳቸው አልፎ ተሰማቸው።

ከዚህ በር ሰው ዝም ብሎ ሲወጣ አይተዋል። ቤቱ ከዚያ ወዲያ ለስንት ጊዜ ቀዝቅዞ እንደቆየ ያውቃሉ። አሁን ከኋላቸው ያለው ዝምታ ግን ይሞቃል፤ ሦስተኛ ሰው ባይኖርበት ደግሞ ይበልጥ ይሞቅ ይሆናል።

የዝናብ ኮታቸውን ከመስቀያው አወረዱ፤ የብስኩትን ማሰሪያ ከምስማሩ አነሡ። በሕይወታቸው ሙሉ ከአንድ ክፍል ሳያስጠነቅቁ ወጥተው የማያውቁት ወይዘሮ ቤሪል በሩን ቀስ ብለው ከፈቱና፣ ውሻውን አስከትለው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ከቤት ወጡ።