ቢጫዋ «አልገባኝም»

ከእሱ በፊት የተዋወቅኩት ከድረ ገጹ ጋር ነው። በድረ ገጹ ብቻ ፈርጄ ቢሆን ኖሮ ፊቱን ለማየት እንኳ አልሄድም ነበር።

አረንጓዴ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ ጽሑፍ። ከላይ አንብበው ሳይጨርሱት ሮጦ የሚያመልጥ «እንኳን ደህና መጡ»። ያለ ምክንያት የምትሽከረከር ሉል። ሠላሳ አራት መስመር ያለው ማውጫ፣ ግማሹ «እዚህ ይጫኑ» ብቻ የሚል። ከታች በቀኝ ጥግ ደግሞ የትኛውም ገጽ ቢሄዱ ተከትላ የምትመጣ፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለች ቢጫ ቁልፍ ነበረች፤ «አልገባኝም» ተብሎ ተጽፎባታል።

«እኔም እንዳንቺው» አልኳት።

ዲዛይነር ነኝ። ባልደረቦቼ «መቀስ» ይሉኛል፤ የማያስፈልግ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። ቅጽል ስሙን አልጠላሁትም። በሥራዬ ጎበዝ ነኝ፤ ይህን ለማለት ደግሞ ማንም እስኪያሞግሰኝ አልጠብቅም።

የጠራችኝ ትምህርት ቤት በልጅነታቸው ትምህርት ያቋረጡ ሰዎች ከሥራቸው ጋር እያጣመሩ የሚማሩባት ናት። ዳይሬክተሯ ነገሩን በአጭሩ ነገረችኝ። ተማሪዎቹ ከድረ ገጹ እየሸሹ ነው። የማጠቃለያ ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል። እስከዚያ ካልተመለሱ ድረ ገጹ ይዘጋና ከሌላ ቦታ የተዘጋጀ ይመጣል።

«ሰባት ዓመት ብቻውን የሠራው ነው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አይናገርም እንጂ፣ ቢዘጋ ይሰበራል።»

ክፍሉ ስገባ ጥቁር ሰሌዳ እያጠፋ ነበር። ቀጭን የሒሳብ መምህር ነው፤ የኮቱ እጅጌ በጠመኔ ነጥቷል። ተማሪዎቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ሦስተኛው ላይ «ቀስ በሉ» ስለሚል።

«አስቀያሚ ነው፣ አይደል?» አለኝ ገና ሰላም ሳልለው።

የተዘጋጀሁበት ንግግር ጠፋብኝ። «ማን ነገረህ?»

«ፊትሽ።»

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑን ወደ መሬት ይሰብራል። እዚያው ልብ አልኩት፤ ልብ ማለቴን ግን ለራሴም አልነገርኩትም።

ከመሳቢያው በእጅ የተጻፈ አሥራ አንድ ገጽ አውጥቶ ሰጠኝ። «እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደተሠራ ጽፌልሻለሁ። የማትፈልጊውን ቁረጪ። ብቻ አንብቢው።»

«አነበዋለሁ» አልኩ።

አራተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። «ሰው አያነብም፤ ስለዚህ አሳጥር» የሚለው የሙያዬ የመጀመሪያ ሕግ ነው። ሕጉ እኔንም እንደሚጨምር ያኔ አልታየኝም።

ሁለተኛው ሕግ ሙከራ ነው። ድረ ገጹን የሚጠቀም ሰው ታስቀምጣለህ፣ አንድ ሥራ ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ ዝም ትላለህ። ቢሳሳት አታርመውም፣ ቢጨነቅ አትረዳውም። የት እንደሚጠፋ የምታውቀው እንደዚያ ብቻ ነው።

«አንድም ቃል እንዳትተነፍስ» አልኩት። «ዝም ብለህ እይ።»

«ተማሪ እያየሁ ሲጠፋ?»

«እያየህ ሲጠፋ።»

የመጀመሪያዋ ተፈታኝ የገዛ እናቱ ሆኑ። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፍተው አሳድገውታል፤ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናቸው። የክፍልፋይ ትምህርት የሚገኝበትን ገጽ እንዲከፍቱ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ስልኩን ወደ ፊታቸው አቀረቡ፣ አራቁ፣ ደግመው አቀረቡ። ሉሏን ሦስት ጊዜ ነኳት።

«እማዬ…» ብሎ ሊጀምር ሲል ከጠረጴዛው ሥር እጁን ጨበጥኩት።

«ገጹን አላገኘሁትም እንጂ» አሉ እናቱ ከስልኩ ቀና ሳይሉ፣ «ዓይኔስ ደህና ነው።»

ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ቀላን። እጄን ማንሳት ረስቼው ነበር።

ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት አብረን ሠራን። እሱ ከክፍል ሲወጣ፣ እኔ ላፕቶፔን የመምህራን ክፍል መስኮት ሥር ዘርግቼ እጠብቀዋለሁ። መደቡ ነጭ ሆነ። ፊደሉ በተሰነጠቀ ስልክ ላይም እንዲነበብ ጎላ። ሠላሳ አራቱ ማውጫ ስድስት ሆነ። በእያንዳንዱ ላይ ተከራከርን።

«ሉሏን ተያት» አለኝ አንድ ቀን።

«ምን ትሠራለች?»

አሰበ። «ትዞራለች።»

ቆረጥኳት። ወደ ስክሪኑ እጁን አውለብልቦ ተሰናበታት፤ እኔ ደግሞ በሳቅ ከወንበሬ እንዳልወድቅ ጠረጴዛውን ያዝኩ።

አንድ ነገር ብቻ ሰላም ይነሳኝ ነበር። ስልኩ። በየሩብ ሰዓቱ ጢው ትላለች፤ ያነባል፣ ፊቱ ይፈታል፣ አጎንብሶ ረጅም መልስ ይጽፋል። አንዳንዴ ለብቻው ፈገግ ይላል። ለእንደዚህ ያለ ዝምተኛ ሰው ያን ሁሉ ቃል የምታስጽፈው ማን ናት? አልጠየቅኩም። ኩራት አለኝ። «ደስተኛ ይሁን እንጂ» አልኩ ለራሴ፤ ውሸቴን ነው።

ቢጫዋ ቁልፍ ላይ የደረስነው በመጨረሻ ነው። ስንት ሰው እንደተጫናት ቆጣሪውን አየሁ። ዜሮ። በሰባት ዓመት አንድም ሰው!

«ይቺም ትሂድ» አልኩና ሰረዝኳት።

አፉን ከፈተ። አየኝ። መልሶ ገጠመው።

«ምነው?»

«ምንም። አንቺ ታውቂያለሽ።»

እምነት መሰለኝ። ደስ አለኝ፤ በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እንደምወደው ያለ ምንም ማመካኛ አወቅኩት።

አዲሱ ድረ ገጽ ሲከፈት ተማሪው ጎረፈ። ዳይሬክተሯ ኮሪደር ላይ አቀፈችኝ። ሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ወረደ፤ ከበፊቱም በታች። ገጹን ደጋግሜ ፈተሽኩ። ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ ያምራል፣ ይፈጥናል፣ አያደናግርም። ሰዎቹ ግን ገብተው፣ አንድ ትምህርት ከፍተው፣ መሐል ላይ ጥለውት ይወጣሉ። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

እሱም ጠወለገ። ስልኩን ያነሳል፣ ያያል፣ ያስቀምጣል። አትጮህም። «ጥላው ሄደች» ብዬ አሰብኩ። ሐዘኑ ላይ ዘልዬ መግባት ነውር መሰለኝና ራቅኩ፤ ሥራዬን ከራሴ ቢሮ መሥራት ጀመርኩ።

እናቱ የመጡት አንድ ማክሰኞ ከረፋዱ ላይ ነው። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንደ ከሳሽ ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ያቺን ቢጫ ነገር የት አደረግሻት?»

«የቱን ነው፣ እማማ?»

«አልገባኝም የምትለዋን።»

«እሷን እኮ ማንም አልተጫናትም…»

«እኔ ተጭኛታለሁ!» አሉ። «በቀን አራቴ። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አልገባኝም ልበል እንዴ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በልጄ እኩዮች ፊት? ቤትስ? እናቱ ነኝ፤ እኔ ቁጥር ያስቆጠርኩት ልጅ ፊት ክፍልፋይ አላውቅም እላለሁ? በእሷ ስጠይቀው ግን ማን እንደሆንኩ አያውቅም። “ጎበዝ፣ ቀስ ይበሉ፣ ከየት ጀምሮ ነው ያልገባዎት?” ይለኛል።» ድምፃቸው ትንሽ ሰለለ። «ጎበዝ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ልጄ። አደራ፣ እኔ መሆኔን እንዳትነግሪው።»

ከሄዱ በኋላ አሥራ አንዱን ገጽ ከመሳቢያ ሥር አወጣሁ። ዘጠነኛው ላይ በእሱ ቀጥ ያለ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«ቢጫዋ ቁልፍ። ጥያቄው ቀጥታ ስልኬ ላይ ይመጣል። የጠያቂው ስምም ቁጥርም አይታየኝም፤ እንዳያፍር ብዬ ነው። ለብቻዋ ስለሠራኋት ቆጣሪው አይቆጥራትም። አስቀያሚ መሆኗን አውቃለሁ። እጅ ማውጣት የሚፈራ ሰው ዓይኑ እንዳያጣት ነው ያጎላኋት። ሌላውን ሁሉ ቁረጪው፤ እሷን ብቻ ተዪልኝ።»

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። የቀናሁባት ሴት ስልኩ ውስጥ አልነበረችም። እዚያ የነበሩት የሚያፍሩ ተማሪዎች ናቸው፤ እኔም በራሴ መቀስ አፋቸውን ዘግቼዋለሁ።

እየሮጥኩ ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። ባዶ ክፍል ውስጥ ደብተር እያረመ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ወረቀቱን እጄ ላይ አየ። «ዝም ብለህ እይ ብለሽኛል።»

«እሱ ለሙከራው ነው!»

«መች ለይተሽ ነገርሽኝ?» አለ፤ አልተቆጣም። «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። ዘጠነኛውን ገጽ አንብበሽ የቆረጥሽው መሰለኝ። ጥያቄው ሲቆም ደግሞ፣ ገጹ ስላማረ ገብቷቸው ይሆናል ብዬ ደስ ሊለኝ ሞከርኩ።» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አልቻልኩም።»

«አላነበብኩትም» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«አራተኛው ገጽ ላይ ነው ያቆምሽው?»

«በምን አወቅህ?»

«እኔም ስጽፈው እንቅልፍ የወሰደኝ እዚያ ጋ ነው።»

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡብኝ። «አንዲት ሴት አለች» አልኩት ፊቴን እየጠረግኩ፣ «ማን እንደሆነች አልነግርህም፣ ክፍልፋይ…»

«እናቴ?»

ክው አልኩ። «ታውቃለህ?»

«መልስ በላክሁላት ቁጥር ከጎኔ ካለው ክፍል ትስቃለች። ግድግዳችን ስስ ነው።»

«ታዲያ እስከዛሬ…»

«ብነግራት መጠየቅ ታቆማለቻ።»

ይህን ሰው እንዴት አልወደውም?

ሁለት ቀን ሠራሁ። ቢጫዋ ቢጫ ሆና ቀረች፤ ያን አልነካሁም። ግን አውራ ጣት በሚደርስበት ቦታ አደረግኳት፣ ጫፏን አለሰለስኩ፣ ስትነካ ባዶ መስመር ብቻ እንድትከፍት አድርጌ ከበላዩ «ስም አያስፈልግም» ብዬ ጻፍኩ። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መለስናት።

አምስት ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ ጢው። ከዚያ ጢው ጢው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ስልሳ ሁለት ጥያቄ ተሰልፎ ነበር። እሱ አጎንብሶ በተራ በተራ ይመልሳል፤ እኔ ከኋላው ሦስተኛው ዴስክ ላይ ሆኜ አንገቱን አያለሁ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ስልኬን አወጣሁና ቢጫዋን ተጫንኳት።

«ዲዛይነሯ መምህሩን ትወደዋለች። መምህሩ ምን እንደሚያስብ ግን አልገባኝም።»

ላክሁት። ስልሳ ሦስተኛ ነኝ።

ተራ ይዘላል ብዬ ነበር። ጭራሽ! ስለ መቶኛ የጠየቀውን መለሰ። ስለ ሦስት ማዕዘን የጠየቀችውን በሥዕል አስረዳ። አንዱን ሁለቴ አስረዳ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከዴስኬ ሳልነሳ ጠበቅኩ።

ከዚያ ጣቱ ቆመ። ጆሮው ከጫፉ ጀምሮ ሲቀላ አየሁ።

«ይሄኛዋ እናቴ አይደለችም» አለ ሳይዞር።

«አይደለችም።»

ወንበሩን አዞረ። ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ላይ አልሰበረውም።

«ከየት ጀምሮ ነው ያልገባሽ?»

«ከመጀመሪያው።»

«እሺ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ» አለ። ሰባት ዓመት ያጠራቀመውን ቃል ሁሉ አሁን ሊያወጣው እንደሆነ ገባኝ። «እናቴ ሉሏን ስትነካካ፣ አንቺ ጠረጴዛ ሥር እጄን ያዝሽ። ዝም ብለህ እይ አልሽኝ። ስክሪኑን ያየሁ መስሎሻል? ምንም አላየሁም። ያን ቀን ከሙከራው አንድም ነገር አልያዝኩም። ቤት ሄጄ እጄን ሳልታጠብ እራቴን በላሁ፤ እናቴ ተቆጣችኝ። እወድሻለሁ። አሁንስ ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩ። «ግን ድገምልኝ።»

ደገመልኝ። ጎበዝ መምህር ነው።

ተማሪዎቹ ተመለሱ፤ ድረ ገጹም አልተዘጋም። ዳይሬክተሯ ለቦርዱ ስታቀርብ ስለ ነጩ መደብ አላነሳችም፤ ስለ ቢጫዋ ቁልፍ ብቻ አወራች። ትንሽ ከፋኝ፤ አለፈልኝ። እናቱ ፈተናውን አለፉ።

ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን። የምንኖረው ከእሳቸው ጋር፣ በዚያው ስስ ግድግዳ ባለው ቤት ነው። አሁን አልጀብራ ጀምረዋል። ከሰዓት በኋላ እሱ ደብተር ሲያርም፣ እኔ ላፕቶፔ ላይ ስሠራ፣ ስልኩ ጢው ትላለች። ያነባል፣ አጎንብሶ ይጽፋል፣ ይልካል። ሁለታችንም ሥራችንን አቁመን እንጠብቃለን። ከግድግዳው ወዲያ እናታችን ሲስቁ ይሰማናል።

ተያይተን ዝም እንላለን።