ያጸዳሁት ድምፅ

እኔ ስለ መንፈስ ሲወራ ስልኬን አውጥቼ የምነካካ ሰው ነኝ፣ እናቴ በቀትር ከቤት እንዳልወጣ ስትመክረኝ እንኳ «እዚህ ጅቡቲ በቀትር መንፈሱም ጥላ ፍለጋ ነው የሚሄደው» እያልኩ አሾፍባት ነበር፣ አሁን የማወራችሁንም ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ እመኑኝ እስከ መጨረሻው አልሰማውም ነበር። ደግሞ የሆነው በጨለማ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥራዬ ልጀምር። በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የኦንላይን ኤግዚቢሽን አዘጋጃለሁ፣ ማለትም የድሮ ፎቶ ከየቤቱ እየለመንኩ ስካን አደርጋለሁ፣ ባለቤቶቹን ስለ ፎቶው እያስወራሁ ድምፃቸውን እቀዳለሁ፣ ከዚያ መርጬና አሳጥሬ ሰው ፎቶውን ሲነካ ድምፁ እንዲሰማው አድርጌ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጠዋለሁ። በዚያ ሰሞን የያዝነው በባቡሩ ዘመን ከኢትዮጵያ መጥተው እዚሁ ስለቀሩ ቤተሰቦች ነበር፣ እኔም የእነሱው የልጅ ልጅ ስለሆንኩ ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

አባቴ ከሞተ ገና ጥቂት ወሩ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መሀል ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ መንገድ ላይ ቀረ፣ እኔ ደግሞ አላለቀስኩም። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ለእንግዶቹ ውሃ ሳቀርብ ዋልኩ፣ ከዚያ ወዲህም ምግቡ አይጣፍጠኝ፣ ሙቀቱ አይሞቀኝ፣ እንዲሁ ደንዝዤ ሥራዬን እሠራ ነበር።

እማማ አረጋሽን ያገኘኋቸው እንዲህ ሆኜ ነው። ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፣ ባለቤታቸው አቶ ተካ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ፣ ከሞቱ ቆይተዋል። ቀትር ላይ ነበር የሄድኩት፣ ለቀረጻው ስንል ማራገቢያውን ቬንቲላተር አጠፋን፣ የሰፈሩ ጫጫታ እንዳይገባ በሩንም መስኮቱንም ዘጋን፣ እኔና እሳቸው ብቻ ተፋጠን ላባችንን እየጠረግን ተቀመጥን። አቶ ተካ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ጣቢያው ፊት ለፊት ስለቆሙበት ፎቶ ነበር የሚያወሩልኝ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ ብቻ ትንሽ ያወሩና ዝም ይላሉ፣ በሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር ያያሉ፣ አንዴ እንዲያውም ቀስ ብለው «ግባ» ያሉ መሰለኝ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። በቀትር ከተማው ሲዘጋ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ጫቱን ይጠብቃል፣ እኔ ግን ኤሲ ስላለ ቢሮዬ ውስጥ እቀራለሁ፣ ያን ቀን ሑሴንም አብሮኝ ነበር። ሑሴን ድረ ገጹን የሚሠራው ባልደረባዬ ነው፣ ካርቲየ 7 ከሐበሾች ጋር ያደገ የሶማሌ ልጅ ስለሆነ አማርኛ ከእኔ እኩል ይናገራል፣ ስድቡን እንዲያውም ይበልጠኛል። ማዳመጫዬን አድርጌ ቅጂውን ከፈትኩ፣ እማማ አረጋሽ አውርተው ዝም ሲሉ አንድ ወንድ «እህም» አለ።

አባቶቻችን ሰው ቤት ሲደርሱ ደጅ ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው ግቡ እስኪባሉ ቆመው ይጠብቁ የለ፣ ልክ እንደዚያ ነው። ጎረቤት ይሆናል አልኩ። እሳቸው እንደገና ዝም ሲሉ እንደገና መጣ፣ አሁን ቀረብ ብሎ። ከዚያ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሰውዬው ማይኩ ሥር ያለ ይመስል ትንፋሹ ሁሉ ይሰማል። ማዳመጫውን ለሑሴን ሰጠሁት፣ አዳምጦ ሲጨርስ ሽማግሌውንስ ለምን አላናገርሽውም አለኝ። ሽማግሌ አልነበረም ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ።

መደንገጥ ነበረብኝ፣ ዋሽቼ ደነገጥኩ አልላችሁም፣ ምንም አልተሰማኝም። በእኛ ሥራ ከተናጋሪው በቀር የሚሰማ ነገር ሁሉ ጫጫታ ነው፣ ጎብኚ ደግሞ ዝምታ አይወድም፣ ስለዚህ ያኑኑ ቀን ጉሮሮውንም ወንበሩንም በሶፍትዌሩ አጸዳሁ፣ እማማ አረጋሽ ዝም ያሉባቸውን ቦታዎች ቆርጬ ንግግራቸውን ገጣጠምኩት። ጥሩ ሆኖ ወጣ፣ ኤግዚቢሽኑ ሲከፈትም ብዙ ሰው ወደደው።

በስልኬ ላሰማቸው ቤታቸው ሄድኩ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ተካን የት አደረግሽው?»

ፎቶውን የጠየቁኝ መስሎኝ ስክሪኑን አሳየኋቸው።

«ፎቶውን አይደለም። እሱን ነው።»

ከዚያ ስለ ጎረቤት እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው ነገሩኝ። አቶ ተካ ከሞቱ ጀምሮ በየቀትሩ ደጅ መጥተው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ እሳቸው ግባ ይሏቸዋል፣ አቶ ተካም ገብተው ያቺ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ አይናገሩም፣ አይታዩም፣ ብቻ አሉ። ይኼን ሁሉ ዓመት ብቸኝነቱን የቻሉት በዚህ ነው። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ግን አልመጡም። ማክሰኞ፣ አያችሁ፣ ድምፁን ያጸዳሁበት ቀን ነው፣ ያንን ደግሞ አልነገርኳቸውም፣ ካርቲየ 5 መጥቶ የሚነግራቸው ሰውም የለም።

«አንዴ ቀብሬዋለሁ» አሉኝ፣ «ሁለተኛ አልችልም። መልሺልኝ።»

ዋናው ቅጂ ሳይነካ ተቀምጦ ነበር፣ እኛ ዋናውን መቼም አንነካም፣ ስለዚህ ቀላል ነው አልኩ። በማግስቱ ቀትር ላይ ሑሴንን አጠገቤ አስቀምጬ ከፈትኩት። እማማ አረጋሽ አወሩ፣ ዝም አሉ፣ ዝምታው ውስጥ ግን ምንም የለም። ወደፊት ሄድን፣ ወደኋላ ተመለስን፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈትነው፣ ጉሮሮም ወንበርም የለም።

ሑሴን ማዳመጫውን አወለቀ። «ነበረ እኮ» አለኝ፣ «በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

ይኼን ብሎ ሳይጨርስ ከቢሮዬ በር ውጪ አንድ ሰው «እህም» አለ።

ሑሴን ተነስቶ በሩን ከፈተው። ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ ወለሉ ላይ ከመስኮቱ የገባ ፀሐይ ብቻ አለ። ሑሴን አላሾፈም፣ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ፣ እስከ ዛሬም በቀትር ቢሮዬ ድርሽ አይልም።

ለእማማ አረጋሽ ደወልኩላቸው። ይፈራሉ ስል ደስ አላቸው፣ «እሱ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሳይጠሩት አይገባም፣ ግባ በይውና ወደ ቤት ነይ፣ ተከትሎሽ ይመጣል» አሉኝ። ይኼው ነው ያዘዙኝ፣ አንዲት ቃል።

እስካሁን አላልኩም። በየቀትሩ ይመጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይቆማል፣ ከሰዓት በኋላ እማማ አረጋሽ ይደውላሉ፣ «ዛሬስ?» ይሉኛል፣ ነገ እላቸዋለሁ። ድምፃቸው በየቀኑ እየደከመ ነው፣ ጎረቤታቸው ምግብ እንደተዉ ነግራኛለች፣ በእኔ ምክንያት እንደሆነም አውቀዋለሁ። ፈርተሽ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ ፍርሃትስ አይደለም።

አባቴ ከመንገድ ሲመለስ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግሩ ነበር የሚመጣው፣ አቧራው ጉሮሮውን ስለሚይዘው ደጅ ላይ ቆም ብሎ ይጠርግና ከውስጥ ግባ እስክንለው ይጠብቅ ነበር። በሬ ላይ የሚቆመው ሰው አንዳንድ ቀን አቶ ተካን ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንጃ። የአቶ ተካን ድምፅ እኔው አጥፍቼዋለሁ። የከተማውን ሰው ሁሉ ድምፅ ስቀዳ የአባቴን አንድም ቀን አልቀዳሁም፣ ስለዚህ የማመሳክርበት የለኝም። ግባ ብዬ የሚገባው የእማማ አረጋሽ ሰው ከሆነ ካርቲየ 5 አደርሰዋለሁ፣ የእኔ ከሆነስ ምን እለዋለሁ፣ ለቅሶህ ላይ ውሃ ሳድል ነበር ልበለው?

ዛሬም መጣ። ከወትሮው ረዘም አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እኔም በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ፣ እሱ ገና በሩ ላይ እንደቆመ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኬ ከወትሮው ሰዓት ቀድሞ ጠራ፣ እማማ አረጋሽ ናቸው። አሁን ሁለቱም ግባ እንድል ይጠብቃሉ።