ቤተሰብ ያጣላው ሽቶ

ሽቶ ቀማሚዋ መቀመሚያ ክፍሏ ውስጥ በጎኗ ተጋድማ ሞታ ተገኘች። የጭንቅላቷ ጀርባ አበባ የሚቀቀልበትን ትልቅ የመዳብ ድስት ጠርዝ መትቶ ነበር። መርማሪው ሲደርስ አስከሬኑ ተነስቷል፤ ክፍሉ ግን፣ ነውር ካልሆነብኝ፣ የሞተ አይጥ የሞተ አይጥ ይላል። የሽቶ ቤት እንዲህ ሲገማ ማን አይቶ ያውቃል?

መርማሪው አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ ገባ። ጥያቄው ስለሚያም ባልደረቦቹ «ቁንጥጫ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን አይጠላውም። ጠረጴዛው ላይ አንድ የተከፈተ ብልቃጥና ቀጫጭን የማሽተቻ ወረቀቶች አሉ። አንዱን አንስቶ አሸተተና ፊቱ ተጨማደደ።

«አዲሱ ሽቶ ይሄ ነው?»

«እሱ ነው» አለው በር ላይ የቆመው ፖሊስ። «ምሳ ሰዓት ላይ ልጇን፣ ወንድሟንና አከፋፋይዋን አስሸተተቻቸው። ጭቅጭቁን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ በተለይ ልጅቷ ጮኻለች። ሻርፗንም እዚሁ አግኝተነዋል። ኋላ ጎረቤት በመስኮት አይቶ ጠራን፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡን ወደ ክፍሉ አላስገባንም። ሳይመሽ ልጅቷን አስረን እንወስዳታለን።»

«ቆይ እንጂ፣ ምን አስቸኮለህ?»

ልጅቷ ሳሎን ውስጥ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«እናትሽን ምን አልሻት?» አላት መርማሪው።

«ሬሳ ሬሳ ይላል አልኳት። እሷ ደግሞ ‹ታገሺ፣ ገና ነው› አለችኝ። ወረቀቱን ወረወርኩት። እማዬም ተናደደች። ‹እንግዲያው በራሴ እሞክረዋለሁ› ብላ እጇ ላይ ቀባችውና ሦስታችንንም አስወጥታ በሩን ዘጋች። ሻርፌን እንኳ ረስቼ ነው የወጣሁት።»

«ከዚያስ?»

«ብቻዬን ስዞር ዋልኩ። ያየኝ ሰው የለም።» ቀና ብላ አየችው። «እንደምታስሩኝ አውቃለሁ። ግን አጎቴ አለልኝ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው።»

አከፋፋዩ ቸኩሏል፤ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። «ጌታዬ፣ እንዲህ የሚገማ ነገር ለማን ሸጬ? ፊት ለፊት ነገርኳት፣ አስወጣችን፣ አለቀ። እኔ የምኖረው እሷ በምትቀምመው ነው። ሞቷ ምን ይጠቅመኛል?» አለ። መርማሪው ንግግሩን አልወደደለትም፤ ሐሳቡ ግን ልክ ነበር።

ወንድሟ ጨዋና ዝግተኛ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከእህቱ ጋር ሲቀምም ጣቶቹ ቢጫ ሆነዋል።

«እኔ እንኳ ወድጄው ነበር» አለ። «ዝናብ ሲያባራ የሚከፈት ነጭ አበባ፤ ከሥሩ ማር ማር የሚል። ልጅቷ ናት ያልገባት። እናቷን በሰው ፊት አዋረደቻት። የእህቴ ልጅ ናት፣ ምን ልበል? ብቻ ስትናደድ ራሷን አታውቅም።»

«ያኔውኑ ለምን ወደድኩት አላሉም?»

«በዚያ ጭቅጭቅ መሀል ማን ይሰማኛል?»

«ያሸተቱት ወረቀት ላይ ነው?»

«እንደ ሁላችንም። ከዚያ በፊት አስሸትታኝ አታውቅም።»

«ተመልሰው አልመጡም?»

«በፍጹም። ቤቴ ነበርኩ።»

ለአንዱ ሬሳ፣ ለሌላው ማር። የሰው አፍንጫ ይለያያል፣ እሺ፤ ግን ይህን ያህል? መርማሪውን ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ወደ ክፍሉ ተመልሶ ከብልቃጡ ጠብታ ወስዶ የእጁ አንጓ ላይ ቀባና የሟቿ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬስ ሚስትህ ደጅ ነው የምታሳድርህ» አለው ፖሊሱ መስኮቱን እየከፈተ።

መርማሪው እጁን እያሸተተ፣ እየተራገመ፣ እንደገና እያሸተተ ብዙ ቆየ። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር በድንገት ብድግ አለ።

«ሁሉንም ጥራልኝ።»

ሦስቱም መጥተው ጠረጴዛውን ከበው ቆሙ። መርማሪው ወረቀቱን ለአከፋፋዩ ሰጠው።

«ከምሳ ጀምሮ እዚሁ የዋለ ነው። እንዴት ነው?»

«ያው ግማት ነው።»

«አሁን ደግሞ እጄን ያሽትቱ።»

አከፋፋዩ ቅር እያለው ጎንበስ አለ፤ ግን ቶሎ አልተነሳም። «ይሄማ ሌላ ነው። አበባ ነው። ማር ማር ይላል።»

«እሱው ራሱ ነው» አለ መርማሪው። «ወረቀት ላይ ሲገማ ይውላል። የሰው ገላ ሲነካ ግን፣ ያውም ብዙ ቆይቶ፣ እንዲህ ይሆናል። እናትሽ ‹ገና ነው› ያለችሽ ለዚህ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሦስታችሁም ያሸተታችሁት ወረቀት ነው። ገላ ላይ የተቀባው የእሷ እጅ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ልትወጡ ስትሉ። ስለዚህ የማሩን ሽታ የሚያውቅ ሰው ሽቶው እጇ ላይ ካማረ በኋላ ተመልሶ አጠገቧ ቆሟል ማለት ነው።» ወደ አጎትየው ዞረ። «ልጅቷን ለማስጠርጠር ብለው ሽቶውን አሞገሱልኝ። እንደ ባለሙያ ነው ያሞገሱት፤ አንድም ነገር አልተሳሳቱም።»

«አጎቴ» አለች ልጅቷ፣ «ተሳስቷል በለው እንጂ።»

አጎትየው አላያትም። «ልታረቃት ነበር የመጣሁት» አለ። «እጇን ስትሰጠኝ ማመን አቃተኝ፤ እንዲህ ያለ ሽቶ ሠርተን አናውቅም። ዕድሜ ልኬን አብሬያት ስቀምም አንድም በስሜ አልወጣልኝም፤ ይሄን እንኳ በስሜ አድርጊልኝ አልኳት። ሳቀችብኝ። ‹የልጄ ነው፣ በስሟ ነው የሚወጣው› አለች። ገፋኋት።»

«መግፋቱ የንዴት ነው እንበል» አለ መርማሪው። «ሐኪም ሳይጠሩ መሄድዎስ? ያሳደጓትን ልጅ አሳልፈው መስጠትዎስ?»

ፖሊሱ አጎትየውን ክንዱን ይዞ አወጣው። አከፋፋዩም ባርኔጣውን አንስቶ ቀስ ብሎ ተከተላቸው።

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

«በቃ፣ ነፃ ነሽ» አላት መርማሪው ስልኩን እያወጣ። «ብቻሽን አትሂጂ። መጥቶ ቤት የሚያደርስሽ ሰው አለ? ልደውልለት።»

«አዎ፣ አጎ...» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች።

መርማሪው ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ወንበር ስቦም አጠገቧ ተቀመጠ።