ያልሞቀው ጠርሙስ

የወይን ጠማቂው ሬሳ ከቅምሻው ጠረጴዛ ሥር ተዘርግቷል። ውጪ በረዶ ይጥላል፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ግን ከበረዶው ይብሳሉ። የሟች ሚስት፣ ታናሽ ወንድሙና ለዕለቱ የተጠራው ቀማሽ መተያየት አስጠልቷቸው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግድግዳ ይዘው ቆመዋል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስለቀጠነች ብቻ አይደለም። ገና ጓንቷን ሳታወልቅ ወንድምየው ጣቱን ቀሰረ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ወይኑን የቀዳችለት ይቺ ሚስቱ ናት። እሷ ከገባች ወዲህ ይህ ቤት ሰላም አያውቅም። ውሰዷት!»

ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ የሚስትየውን ክንድ ይዞ ነበር። ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም ገዳዩ መርዝ የተገኘው ሟች ራሱ ከጠመቀው፣ መጨረሻ ከቀረበው ጠርሙስ ውስጥ መሆኑን ተናግሯል። ነገሩ ያለቀ ይመስላል። መርፌ ግን ያለቀ ነገር ደስ አይላትም፤ አንድ በአንድ ወደ ጎን ክፍል ትጠራቸው ጀመር።

«ከዚያ ጠርሙስ ሁላችንም ቀምሰናል» አለ ቀማሹ፣ ምላሱ እየተሳሰረ። «ቀማሽ ግን አይውጥም፤ ተጉመጥምጦ ይተፋል። ሟቹ ግን የራሳቸውን ይውጣሉ፣ የሌላውን ይተፋሉ። ይህን የማያውቅ የለም።»

«ሌላው ማነው?»

«ወንድማቸው ነዋ፤ እሱም ጠማቂ ነው። በየዓመቱ ወይኑን በእንግዳ ፊት ይተፉበታል።»

«የመጨረሻው ወይን እንዴት ነበር?»

«በረዶ! እንዲህ ያለ ከባድ ቀይ ወይን ሲቀዘቅዝ መዓዛው ይሞትና ምሬቱ ብቻ ይቀራል። በየቅምሻው ቀን ጠዋት ጠርሙሱ ቡሹ ተነቅሎ ምድር ቤት ይቀመጣል፣ ከዚያ ምድጃው ዳር ይሞቃል። ዛሬ ወንድማማቾቹ ሲጣሉ ማንም አላስታወሰው። ወንድምየው ንዴቱን ሊያበርድ ደጅ ወጣ፤ ያኔ ሚስታቸው ሮጣ ከምድር ቤት አመጣችው። እሱ ሲመለስ ተቀድቶ ጠበቀው።»

«ጠዋት ምድር ቤት የወረደው ማነው?»

«ሦስታችንም።»

ሚስትየውም እየተኮላተፈች ተናገረች። «ጥርሴን ነው ያደነዘዘው። መራራ ነበር። ላሙቀው ስለው ‹ስጪኝ› ብሎ ጮኸብኝ። አሁን ባሌን እንኳ ሳልቀብር ልታሰር ነው?»

መርፌ አላጽናናቻትም።

ወንድምየው ግን አንደበቱ እንደ ቅቤ ነበር። «ለስላሳ ወይን ነው። መዓዛው ብርጭቆውን ሳላነሳ ተቀበለኝ። ጠላቴ ቢሆንም ሙያውን አልክድም። ይኸው ምላሴ እስካሁን ደንዝዟል።»

መርፌ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«መርዙን የጨመረው ሰው፣ ሌሎቹ እንደሚተፉና ሟች ብቻ እንደሚውጥ ያውቃል» አለች። «ዘዴው ጥሩ ነው። ግን እያወቀ በመርዝ የሚጉመጠመጥ ጀግና እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ የፈለግሁት ያልቀመሰውን ሰው ነው።»

«ሁላችንም ቀምሰናል» አለ ወንድምየው።

«ሁላችሁም ብርጭቆ አንስታችኋል። እነዚህ ሁለቱ እንደ ድመትና አይጥ ናቸው፤ ቃላቸው ግን አንድ ነው፤ በረዶ፣ መራራ። እርስዎ የነገሩኝ ምድጃ ዳር የሞቀውን ወይን ነው። ደጅ ስለነበሩ እንዳልሞቀ አላወቁም፤ የአምናውን ጣዕም አስታውሰው ነገሩኝ።»

«የሰው ምላስ ይለያያል።»

«ይለያያል። የእነሱን ምላስ መርዙ አስሮታል፤ ደነዘዘ ያሉኝ የእርስዎ ግን ከገባሁ ጀምሮ ያለ ልጓም ይጋልባል።»

ቀማሹ ከአጠገቡ ራቀ። ፖሊሱ የሴትዮዋን ክንድ ለቀቀ። ወንድምየው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሬሳው ተመለከተ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ጠመቅሁ» አለ። «አንድ ቀን፣ በስህተት እንኳ፣ የኔን አልዋጠም።»

ሚስትየው ክንዷን እያሻሸች ቀረበችው። ፊቷ ላይ ምሕረት የሚባል ነገር አልነበረም።

«ቤታችን ራት ላይ ከአንተ ወይን ሌላ ቀርቦ አያውቅም» አለችው። «ጠርሙሱን ጨርሶ ነበር የሚነሳው። ‹ከሰማ ይጠግብብኛል፣ እንዳትነግሪው› ብሎ አስምሎኛል። አሁን ስማ።»