ያልበቃ እንፋሎት

በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ ከመኪናው መንገድ የአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ገባ ብላ፣ ሁለት ክፍል ያላት አንዲት ክሊኒክ ነበረች። በ1974 ዓ.ም. እዚያ የሚሠራው ድሬሰር ዳኘው ብቻ ነበር። ካርድ የሚጽፈውም፣ ቁስል የሚያጥበውም፣ መርፌ የሚወጋውም እሱው ነው። የአገሩ ሰው «ሐኪሙ» ይለዋል።

ያ ሕዝብ መርፌ ይወዳል። ሦስት ሰዓት ተጉዞ የመጣ ገበሬ ኪኒን ብቻ ተሰጥቶት ሲሸኝ እንደተናቀ ይቆጥረዋል። ዳኘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተከራክሮ ነበር፤ በኋላ ግን ሰለቸው። ለሚያስፈልገውም ለማያስፈልገውም መውጋት ጀመረ። ሰውም እየመረቀው ይሄዳል።

በዚያን ጊዜ መርፌ አንዴ ተወግቶበት የሚጣል ነገር አልነበረም። ዳኘው ያሉት አራት የመስተዋት ሲሪንጆችና ዘጠኝ መርፌዎች ናቸው፤ እነዚያኑ እያጠበ፣ ተሕዋስያኑን ለመግደል በእንፋሎት ያመክናል። ማምከኛው ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋ ወፍራም ድስት ነው፤ ከታች ውሃ ይጨመርበታል፣ ዕቃው ከውሃው በላይ ባለው መደርደሪያ ይቀመጣል። ደንቡን ዳኘው በትምህርት ቤት ተምሮታል፦ ውሃው ከፈላ በኋላ እንፋሎቱ በክዳኑ ቀዳዳ አየሩን ጠራርጎ ያስወጣ፤ ከዚያ ቀዳዳው ይዘጋ፤ ግፊቱ ከፍ ሲል ሃያ ደቂቃ ይቆጠር። ነገር ግን ለምድጃው ከጎንደር የሚላክለት ላምባ በወር ሁለት ሊትር ነው። ስለዚህ ውሃው ሲንተከተክ እንደሰማ ምድጃውን ያጠፋል። «ፈልቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ይሆናል?» ይላል ለራሱ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራ፤ ማንም ምንም አላለውም።

በታኅሣሥ ያርጋል የሚባል ገበሬ ሚስቱን ታየችን ይዞ መጣ። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ብርድ መቷት ወገቧን ያማታል። ዳኘው መርምሯት ኪኒን ሰጣት። እሷም ይበቃኛል ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ባሏ ግን አልተነሣም።

«ሐኪም፣ አውድማ ላይ እህል ጥዬ ነው የመጣሁት። ይውጓትና እንሂድ» አለ።

ዳኘው ደክሞታል። በር ላይ ሌሎች ይጠብቃሉ። ያን ጠዋት እግሩ መግል ለቋጠረ ሰው የተጠቀመበት ሲሪንጅ አሁን ከማምከኛው ወጥቷል፤ ውሃው ፈልቶ ነበር። የቫይታሚን መርፌ ወጋት። ያርጋል አመስግኖ ሄደ።

በስምንተኛው ቀን ታየች በቃሬዛ ተመለሰች። ዳሌዋ አብጦ ቆዳው ተወጥሯል፤ ትኩሳቷ ያቃጥላል። ዳኘው እባጩን ከፈተው፤ ያለውን ፔኒሲሊንም ሰጣት። ትኩሳቱ ግን አልበረደም። ጎንደር ሆስፒታል ካልደረሰች እንደማትተርፍ ነገራቸውና ክሊኒኩን ዘግቶ ከተሸካሚዎቹ ጋር ወደ ዳባት ወረደ።

በዚያ ሰሞን መንገዱ ስጋት ስለነበረበት መኪና የሚሄደው በታጣቂ ታጅቦ በቡድን ነው። እነሱ ሲደርሱ አጀቡ አልፏል፤ የሚቀጥለው ከሁለት ቀን በኋላ ነው ተባሉ። ዳኘው ብቻቸውን እንዲያሳልፋቸው የከተማውን ሹም ለመነ፤ ሹሙ እሱም ትእዛዝ እንደሌለው ነገረው። ታየችን በአንድ ዘመዳቸው ደጅ፣ ጥላ ውስጥ አስተኟት። ዳኘው ጨርቅ እያራሰ ግንባሯ ላይ ከማድረግ በቀር የሚሠራው አልነበረውም። ያርጋል ባየው ቁጥር «ምን ይሻላል?» ይለዋል፤ ዳኘው ጨርቁን እንደገና ይነክራል። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ታየች አረፈች።

ለቀስተኛው ሁሉ ቀኗ ደርሶ ነው አለ። ዳኘውን የወቀሰው የለም፤ እንዲያውም እስከ ዳባት ድረስ ተከትሎ ስለሄደ አመሰገኑት። ምስጋናው እህል አላስበላው አለ።

በአንድ ግቢ አብረውት የሚኖሩት መምህር ወልደ ገብርኤል የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ። እንዲህ ከስቶ ሲያዩት ምን እንደሆነ ጠየቁት። ዳኘው ሁሉንም ነገራቸው፤ በመጨረሻም «ግን እኮ ውሃው ፈልቶ ነበር» አለ።

መምህሩ የተማሪ ደብተር ገልብጠው እርሳስ አነሱ። አንድ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ አንድ ካሎሪ ሙቀት እንደሚበቃ ጻፉ። የምንጩ ውሃ አሥራ አምስት ዲግሪ ነው፤ በዚህ ደጋ ውሃ የሚፈላው ገና በዘጠና ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ሊትር ለማፍላት ሰባ አምስት ሺህ ካሎሪ ይፈጃል። ያንኑ ሊትር እንፋሎት ለማድረግስ? ለእያንዳንዱ ግራም አምስት መቶ አርባ፤ በጠቅላላው አምስት መቶ አርባ ሺህ።

«ከሰባት እጥፍ በላይ ነው» አሉ። «ሁሉም አይተንም፤ ሩቡ ብቻ ይትነን ብንል እንኳ ለማፍላት ካወጣኸው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይኼ ሙቀት በዓይን አይታይም፣ በቴርሞሜትርም አይታወቅም። እንፋሎቱ ተሸክሞት ይሄድና መርፌውን ሲነካ እዚያ ያራግፈዋል። ተሕዋስያኑን የሚገድለው እሱ ነው። አንተ ሥራው ሲጀመር ነው እሳቱን ያጠፋኸው።»

ዳኘው ቁጥሩን ደጋግሞ አየው። ከዚያ በፊትም ክፍል ውስጥ ጽፎት ያውቃል፤ ፈተናም አልፎበታል።

የላምባውንም አብረው አሰሉ። በደንቡ ካመከነ ሁለቱ ሊትር ለዘጠኝ ጊዜ ብቻ ይበቃል፤ የሥራው ቀን ግን ሃያ ስድስት ነው። ዳኘው ሒሳቡን ከደብዳቤ ጋር አያይዞ ለበላይ አካል ላከ። ከአንድ ወር በኋላ ኮታው በጥናት የተወሰነ ስለሆነ በቁጠባ እንዲጠቀም የሚያሳስብ መልስ መጣ። በኩበት ሞከረ፤ ግፊቱ አልነሣ አለ። እንጨት በዚያ አካባቢ ከየት ይመጣል?

በመጨረሻ ወደ ያርጋል ቤት ሄደ። ልጆቹ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ዳኘው ቁጭ ይበሉ ሲባል ሳይቀመጥ፣ ታየችን የገደላት የእሱ መርፌ እንደሆነ ተናገረ፤ ለምን እንደሆነም ምንም ሳያስቀር አስረዳ።

ያርጋል መሬት መሬት እያየ መለሰ።

«እሷ አልፈልግም ብላ ነበር» አለ። «ተነሥታ ነበር እኮ። ውጋት ያልኩህ እኔ ነኝ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ዳኘውን አንተ ብሎት አያውቅም። ይቅርም አላለውም፣ አልረገመውምም። ዳኘው በልጆቹ አጠገብ አልፎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ዳኘው በደንቡ ካልመከነ በቀር መርፌ አልነካም። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ያመክናል፤ ያንንም የግድ ለሚያስፈልገው ሕመምተኛ ይጠቀምበታል። በየቀኑ መወጋት የሚገባው ሕመምተኛ ሲመጣ ኪኒን ሰጥቶ ወደ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ይልከዋል፤ ይድረስ አይድረስ አያውቅም። ብዙው ሰው ግን ተቀይሞ ይሄዳል። ገበያ መካከል በድብቅ የሚወጋ ሰው አለ፤ እሱ ዘንድ ደግሞ ጭራሽ እሳት የሚባል ነገር የለም። ዳኘው ይህን ያውቃል፤ ማስቆም አልቻለም።

አንድ ቅዳሜ መርፌ የተከለከሉ ሰዎች እያጉረመረሙ ሲወጡ ያርጋልን ከክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ አገኙት። ማንም አልላከውም። ዱላውን ተደግፎ፣ ድምፁን ሳያነሣ ነገራቸው።

«ሚስቴን ሳያስፈልጋት አስወግቼ ቀበርኳት። ይሄ ሰው አልወጋም ሲላችሁ እመኑት። እወጋለሁ የሚላችሁን ደግሞ፣ መርፌውን ስንት ደቂቃ በእንፋሎት እንዳቆየው ጠይቁት።»

ሁለት ሴቶች ተመለሱ። የቀሩት በአጠገቡ አልፈው ወደ ገበያው ወረዱ። ያርጋል በሚቀጥለው ቅዳሜም መጥቶ እዚያው ቆመ።

አንባቢ ሆይ፣ ላምባ ማምጣት ያልተቻለው ያን ጊዜ ነው፤ መርፌው መክኗል ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ያን ጊዜም ይቻል ነበር። የተማርነውን በደብተር ላይ ትተን በእጃችን ሌላ የምንሠራ፣ ዝም ብለህ ውጋኝ የምንልም ሁላችን፣ የታየችን ልጆች እናስብ።