ታክሲው ካልተመታ አይሄድም

የነፋሻ ከተማ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ሳይሆን የሥራ ሚዛኑን ነው። ሚዛኑ ከከተማው መሃል የቆመ ረጅም ማማ ነው፤ የክልሉን ሥራ አጥ ይቆጥራል። በነዋሪው ሁሉ እጅ ላይ አምባር አለ። ሰውየውን የሚጠብቅ ሥራ ካለ አምባሩ አረንጓዴ ይበራል፤ ከሌለ ቀይ። ማማው ቀዩን ደምሮ ያሳያል። ማረሱንም፣ መሾፈሩንም፣ ማከሙንም ማሽን ከያዘው ወዲህ ቁጥሩ አንገት የሚያስደፋ ነበር።

በዚያ ሰኞ ማማው ላይ የታየው ዜሮ ነው።

«ተበላሽቷል» አለ ሰዉ፤ መንገዱን ቀጠለ። አንዳርጌ ግን ወደ ቢሮው ሮጠ። የሥራ አጦች ጉዳይ ቢሮ መርማሪ ነው። ቢሮው ውስጥ ሰው እሱና ኃላፊዋ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ማሽን ነው።

«ደንቡን ታውቃለህ» አሉት ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘውድነሽ። «እስከ ዓርብ ዜሮ ከቆየ ቢሮው ይዘጋል። ሥራ አጥ ከሌለ እኛ ለማን ነን?»

«ከተዘጋ እኛው ሥራ አጥ እንሆናለን። ያኔ ዜሮ መሆኑ ቀረ፤ መልሶ ይከፈታል።»

«ከተከፈተ ሥራ ያዝን። ያኔ ዜሮ ሆነ፤ መልሶ ይዘጋል።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ መሳቢያቸውን ከፈቱ።

«ዝም ብለህ ብልሽቱን ፈልገህ አጥፋው» አሉና ማስረሻዋን ሰጡት። ማስረሻ የሳሙና ያህል መሣሪያ ናት። አንድ ማሽን ላይ ሲያሳርፏት በስሕተት የተማረውን ትነቅልለታለች፤ እሱ ደግሞ ለመሰሎቹ ሁሉ ያስተላልፋል።

ከቢሮው በር ፊት ለፊት ቆፋሪ ማሽን ጉድጓድ ይቆፍራል። ጥቂት ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ያያሉ። አንዳርጌ ሁልጊዜ እየተራገመ ነበር የሚያልፋቸው። ዛሬ ግን እንደ ዘመድ ናፈቁት። ተጠግቶ አምባራቸውን አየ። ሁሉም አረንጓዴ ነው።

«ምንድን ነው ሥራችሁ?»

«እያየን ነው» አለ አንዱ ዓይኑን ሳይነቅል።

አንዳርጌ ራሱን ነቅንቆ ወደ ታክሲ ተራው ሄደ። ታክሲዎቹ ሾፌር የላቸውም፤ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው ይንሳፈፋሉ። አንዱ ሞልቶ በሩ ተዘጋ። አልሄደም። ባርኔጣው የነጣ ወጣት «ኬላ! ኬላ! የሞላ!» እያለ መጣና ጎኑን ሁለቴ በመዳፉ መታው።

«ሂድ!»

ታክሲው ሄደ።

«አንተ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አለው አንዳርጌ።

«ተራ አስከባሪ ነኝ፣ ጋሼ። ባንጃው እባላለሁ።»

«ታክሲው እኮ መንገዱን ራሱ ያውቃል። መሙላቱንም ራሱ ያውቃል።»

«ያውቃል። ግን አይሄድም። ይኸው ቀጣዩ ሞላ፤ ይሞክሩት።»

አንዳርጌ በጣቱ ቋጠሮ መታ መታ አደረገው። በሩ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ እያንኳኩ እኮ ነው። የሚገቡ መሰለው።»

በሩ ሲዘጋ አንዳርጌ በሙሉ እጁ በኃይል መታው። ታክሲው ወደ ኋላ ሸሸ።

«አሁን ደግሞ አስደነገጡት።»

አንዲት እናት በመስኮት ብቅ አሉ። «ልጄ፣ ለእሱ ተውለት። እኛም ሥራ አለን።»

ባንጃው ሁለቴ መታው። ሄደ።

አንዳርጌ ነገሩ ገባው። ማሽኖቹ በቅርቡ አዲስ ትምህርት ተጭኖባቸዋል። የተማሩት ከድሮው ከተማ ከተቀረጸ ምስል ነው። በዚያ ምስል ሁሉ ታክሲ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ጎኑን ይመታል። ታክሲው መመታቱን የመንዳት ክፍል አደረገው። ዞር ብሎ አካባቢውን አየ። የጭነት መኪናው «ናልኝ፣ ናልኝ፣ በቃ!» የሚለው ሰው ካልቆመ አይቆምም። ጸጉር ቆራጩ ማሽን ጥግ ካለው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሥራ ፈት «ከኋላ ትንሽ ቀረው» ካላለው አይጨርስም።

ማስረሻዋን አወጣ። ባንጃው አወቃት።

«ሊያስረሱት ነው?»

«ብልሽት ነው።»

«ይሁን።» ባርኔጣውን አስተካከለ። «እዚሁ ቆሜ ስንት ዘመን ቀይ ነበርኩ። ባለፈው ግን እናቴ በጠዋት ቀሰቀሰችኝ። ‹ተነስ፣ ታክሲው ይጠብቅሃል› አለችኝ። እንዲህ ብላኝ አታውቅም።»

አንዳርጌ ማስረሻዋን በእጁ አገላበጣት።

«ካስረሱትም ሰልፉ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ሰው እንዳናጉላላ» አለ ባንጃው።

አንዳርጌ ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሰልፉ አላለቀም። ሲመሽ ማስረሻዋን ወደ ኪሱ መልሶ ታክሲ ገባና በመስኮት ብቅ አለ።

«በል እንግዲህ፣ ምታልኝ።»

ዓርብ ለወይዘሮ ዘውድነሽ ብልሽት እንደሌለ ነገራቸው። ትኩር ብለው አዩት።

«ማስረሻዋስ?»

«ትሠራለች። እኔ ነኝ ያቃተኝ።»

ቢሮው ተዘጋ። በማግስቱ ማማው ላይ ሁለት ታየ። መልሶ ለመክፈት ስብሰባ ተጠርቷል ተባለ። ሰዉ ስለ ሁለቱ ሲያወራ ሰነበተ። «ሥራ ሞልቶ! ስንፍና ነው እንጂ» ይላል። አንዳርጌ እጅጌውን ወደ ታች ስቦ ሄደ።

እግሩ በልማድ ወደ ቢሮው ወሰደው። በሩ ታሽጓል። ቆፋሪው አካፋውን ሽቅብ እንደያዘ ደርቆ ቆሟል። ተመልካቾቹ የሉም፤ ድልድይ የሚሠራበት ትልቅ ጉድጓድ አግኝተዋል። አንዳርጌ ምን ነካው ብሎ ቆሞ አየው። ማሽኑ መቆፈር ጀመረ። ዞር አለ፤ ቆመ። ተመለሰ፤ ቆፈረ።

ከሰው ነው የተማረው። በዚያ ሁሉ ምስል ውስጥ ሰው ቆሞ ሳያየው የተቆፈረ ጉድጓድ የለም።

እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። አምባሩ አረንጓዴ በራ።

ብዙም ሳይቆይ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ናቸው፤ አምባራቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እያየሁ ነው።»

የእሱን አምባር አዩ። ጉድጓዱን አዩ።

«እስቲ ጠጋ በል።»

ጠጋ አለላቸው። ማሽኑ ሁለት ሰው ሲያይ አካፋውን ጢም አድርጎ ሞላ።

«ቀስ! ወደ ግራ!» ወይዘሮዋ ጮኹ። የኖሩት አለቃ ሆነው ነው፤ አልከበዳቸውም።

ማሽኑ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ። ማማው ዜሮ ብሏል። ሁለቱም ቀና ብለው አላዩትም።