የጠራዡ ውሻ

ሽማግሌው መጽሐፍ ጠራዥ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ሞቷል። አንድ እጁ የኮመዲኖውን መሳቢያ ጨብጦ ቀርቷል። መሳቢያው ባዶ ነው። አስሙ ሲነሳ የሚስባት ሰማያዊ ፓፍ ከዚያ መሳቢያ ርቃ አታውቅም ነበር፤ የተገኘችው ግን ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለው የውሻው ምንጣፍ ላይ፣ ተሰባብራ ነው።

«ነገሩ አለቀ እኮ!» አለች ሚስትየው በሩን ተደግፋ። «ውሻው አኘካት፣ ባሌ ታፍኖ ሞተ። ፖሊስ ለምን አስፈለገ?»

«ውሻው መሳቢያ ይከፍታል?» አለች መርማሪዋ።

«ያ እርጉም ምን የማይከፍተው አለ!»

መርማሪዋ የመሳቢያውን እጀታ አየችው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ እንክርዳድ አታሳልፍም ለማለት ነው። ውሻ አትወድም። እውነቱን ለመናገር ሰውም እምብዛም አትወድም፤ ሰው ግን ቢያንስ እጅ አይልስም።

መርማሪዋ ሚስትየውን አስከትላ ምድር ቤት ወረደች፤ ጠረዛ ቤቱ ነው። ሙጫ፣ ወስፌ፣ ምላጭ፣ የወረቀት መቁረጫ ማሽን፣ መሐል ላይ ደግሞ የተጠረዙ መጻሕፍትን እንዲጣበቁ የሚጫን ትልቅ የብረት መጭመቂያ ቆሟል። የሟች የወንድም ልጅ ሽርጡን እንዳደረገ ከመቁረጫው አጠገብ ቆሞ ነበር። ሥራውን የሚያካሂደው እሱ ነው። የአጎቱ ሬሳ ሳይነሳ የእንስሳት ሐኪም ጠርቷል፤ ሐኪሙም ውሻውን የሚያሰናብትበትን መርፌ ይዞ ደጅ መኪናው ውስጥ ይጠብቃል።

የሟች ልጅ፣ ከፊተኛዋ ሚስቱ የተወለደችው፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ውሻውን በሁለት እጇ አቅፋለች። የሒሳብ መምህርት ናት፤ ከክፍል ነው ተጠርታ የመጣችው።

«አባትሽን በውሻ ገደልሽ» አላት የአጎቷ ልጅ። «አሁን ደግሞ ታለቅሻለሽ። ውሻው ከሰዓት ይሞታል፣ አንቺም ሻንጣሽን ይዘሽ ትወጫለሽ።»

«እሱ አላኘካትም!» ልጅቷ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ቡችላ እያለ ያላኘከው አልነበረም፤ ምላጩን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን፣ የሙጫ ጣሳውን። አንዴ ወስፌ ሊውጥ ሲል ከጉሮሮው ነው ያወጣሁት። ስንጮህበት ደግሞ እየሸሸ ይውጣል። ስለዚህ መለወጥ አስተማርኩት።»

«ምን መለወጥ?»

«አፉ የገባውን ሰው ጋ ያመጣል። ‹ለውጥ!› እንለዋለን፤ እሱ ይለቃል፣ ብስኩቱን ይቀበላል። አሁን ምንም አያኝክም፤ ጥርሱን ሳያሳርፍ ነው የሚያመጣው።»

«ነጋዴ ነዋ። ለማን ነው የሚያመጣው?»

«ለእኔና ለአባቴ ብቻ። የማይከፍለውንማ ዞር ብሎም አያየው።»

የወንድምዬው ልጅ ሳቀ። «ሰምተዋል? እኛ ዱቄት እየቃምን እንሠራለን፣ ውሻው በብስኩት ይማራል!»

«አንተ ሰጥተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ? ከመርዝ በቀር ምን ልሰጠው! በእጄም ነክቼው አላውቅ።»

«እውነቱን ነው» አለች ሚስትየው። «በዚህስ እኔና እሱ አንድ ነን።» በሌላ በምንም አንድ እንዳልሆኑ ድምፅዋ ይናገር ነበር።

«ሲሞት የት ነበራችሁ?»

«ጓሮ ልብስ አጥብ ነበር። ደግሞ ብሰማስ? ‹ቤቱንም ጠረዛ ቤቱንም ለልጄ ነው የማወርሰው› ካለ ወዲህ፣ እኔን መቼ ሰው ብሎ ጠርቶኝ ያውቃል!»

«እኔ ማሽኑ ላይ ነበርኩ» አለ የወንድምዬው ልጅ። «እሱ ሲጮህ እንኳን የሰው ሳል፣ መብረቅም አይሰማ።»

ልጅቷ ሐኪሙን ልትለምን ወደ ደጅ ወጣች። ያን ጊዜ ውሻው ተነሳ። ከወለሉ ላይ የወደቀ ወስፌ በከንፈሩ አነሳ። በሚስትየው አጠገብ አለፈ። እግሯን በሰበሰበችው በመርማሪዋም አጠገብ አለፈ። የወንድምዬው ልጅ ፊት ሲደርስ ቁጭ አለ፤ ወስፌውን ጫማው ላይ አስቀመጠና የሽርጡን ኪስ ትክ ብሎ ያይ ጀመር።

«ሂድ ከዚህ!» አለና በእርግጫ አለው።

መርማሪዋ ወስፌውን አነሳችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ መጭመቂያው ሥር ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ስትነሳ ሁሉንም ጠራች፤ ሐኪሙንም ጭምር።

«ዶክተር፣ ይህችን ፓፍ ይዩልኝ። ውሻ ሲያኝክ እንዲህ ነው?»

ሐኪሙ አገላበጣት። «ውሻ ይበሳል። ይህች ግን ተጠፍጥፋለች፣ ሁለቱም ጎኗ እኩል። የጥርስ ምልክት የላትም።»

«እዚህ ቤት ሁለት ጎን እኩል የሚጠፈጥፍ አንድ ዕቃ ብቻ ነው ያለው። መጭመቂያው ብረት ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ቅንጣት ተጣብቋል፤ ማየት የፈለገ ይይ። ሰው ነው የሰበራት።»

ሚስትየው ፊቷ ዐመድ መሰለ። «እኔ ያን ብረት ማዞር እንኳ አልችልም!»

«ቢችሉም ባይችሉም እርስዎ አይደሉም። ‹ውሻ በበላበት ይጮኻል› ይባል የለ? ይህ ውሻ ደግሞ በተከፈለው በኩል ያመጣል። የማይከፍለውን ዞር ብሎ አያይም፤ እርስዎን አልፎዎት ሄደ፣ እኔንም አለፈኝ። ለባልዎ ወንድም ልጅ ግን ወስፌ አምጥቶ ዋጋውን ጠበቀ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ከዛሬ በፊት ለዚህ ሰው አምጥቶለት ያውቃል?»

«አንድ ቀን እንኳ!»

«እንግዲያው ዛሬ ከፍሎታል። ለምን? ፓፏን ከመሳቢያው አውጥቶ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ጣላት። ውሻው አፉ ከተታት። ቤት ውስጥ የሚለውጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ላይ አልጋው ላይ እያቃተተ ነው። ውሻው ወደ ደረጃው ሄደ።» ወደ ወንድምዬው ልጅ ዞረች። «ብትጮህበት ይሸሻል፣ ብታባርረው ይቀድምሃል። ስትስቅበት የኖርከውን ቃል ግን ታውቀዋለህ፤ ከጣሳው ብስኩት አወጣህና ‹ለውጥ› አልከው፤ ፓፏንም መጭመቂያው ውስጥ ጨፍልቀህ ምንጣፉ ላይ ጣልካት። ኪስህን ገልብጥ።»

አልገለበጠም። ሚስትየው ናት ተወርውራ ሽርጡን የያዘችው። ፍርፋሪው መሬት ላይ ረገፈ፤ ውሻውም ቶሎ ብሎ ላሰው።

«የውሻ ብስኩት ነው! ሰው የማይበላው!» ብላ ጮኸች። «አንተ አረመኔ!»

«ጉልበቴን የጨረስኩት እዚህ ነው!» አለ እሱ ጥርሱን ነክሶ። «ሙጫ ሲሸታት አፍንጫዋን ለምትይዝ ልጅ ሊሰጣት! እኔ ምን ነኝ? የማሽኑ ጥርስ?»

ደጅ የቆሙት ፖሊሶች ገብተው እያዳፉ አወጡት። ሐኪሙም ቦርሳውን ዘግቶ ማንንም ሳያይ ሄደ። ልጅቷ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ለአባቴ እየወሰደለት ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ መለወጥ ባላስተምረው ኖሮ… ለዚያ ሰው አይለቅለትም ነበር።»

መርማሪዋ ልትዋሻት ትችል ነበር፤ አልዋሸቻትም። «ምናልባት አይለቅለትም ነበር። ወይ ደግሞ ገና ድሮ ወስፌ ውጦ ሞቶ፣ ይህ ሰው ዛሬ ሳይያዝ ከለቀስተኛ ጋር ተሰልፎ ያለቅስ ነበር። የቱ እንደሚሻል እኔን አትጠይቂኝ።»

ልጅቷ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ውሻው ጥቂት አያትና ከደረጃው ሥር የአባቷን ነጠላ ጫማ አነሳ። በአፉ ይዞ ደረጃውን ወጣ፤ ሲወጣ ጥፍሩ እንጨቱ ላይ ይሰማል። የሟች ክፍል በር ላይ ድምፁ ቆመ። ጠበቀ። የሚጠራው ሰው አልነበረም።

ልጅቷ ዓይኗን በመዳፏ ጠራርጋ የብስኩቱን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረደች፤ ተከትላው ወጣች። መርማሪዋ ወረቀቷን አውጥታ ነበር፤ ግን አልጻፈችም። ከላይ በተሰበረ ድምፅ «ለውጥ» ሲባል፣ ከዚያም ብስኩቱ ሲቆረጠም እስክትሰማ ድረስ ደረጃው ሥር ቆመች።